ከሬስተን ፐርሰልቪል በብስክሌት፦ የደብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድ በአንድ ቀን ደርሶ የመመለሻ ዝርዝር መመሪያ

ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖርና ብስክሌት የጀመረ ሰው ደብሊው ኤንድ ኦዲን (W&OD) መስማቱ አይቀርም። ከሽርሊንግተን ተነስቶ ፐርሰልቪል ላይ የሚያልቅ፣ 45 ማይል የሚረዝም፣ አስፋልት የለበሰ የብስክሌትና የእግር መንገድ ነው። ድሮ ባቡር ይሄድበት ስለነበር አቀበቱ ለስላሳ ነው። በየግማሽ ማይሉ የርቀት ምልክት አለው። መኪና አይገባበትም፤ አውራ ጎዳና ሲያቋርጥ ብቻ ነው የምታገኙት።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ብዙ ወገን ጀምሮ መሀል ላይ ይቀራል። አንዱን አሽበርን ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሌላው ጎማው ይተነፍስና ዘመድ በመኪና መጥቶ ይወስደዋል። ፐርሰልቪል የደረሰውም ሲመለስ ይመሽበታል።

ጉዳዩ የጉልበት አይደለም። ቀኑ የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሰው ሲነሳ ይቸኩላል፣ ስላልራበው አይበላም፣ የት ላይ መመለስ እንዳለበት ቀድሞ አልወሰነም። ይህ መመሪያ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ይበረታል።

ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ወራቱ ግን በአሜሪካው ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ስል የአሜሪካው 7 ሰዓት ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ርቀቱን ምረጡ

ሙሉው መንገድ ደርሶ መልስ 90 ማይል፣ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን አትሞክሩ።

ለመጀመሪያው ረጅም ቀን የምመክረው ከዊሊ ሬስተን ኢስት ሜትሮ ጣቢያ ተነስቶ ፐርሰልቪል ደርሶ እዚያው መመለስን ነው። ደርሶ መልስ ወደ 55 ማይል፣ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 11 ማይል ብትነዱ አምስት ሰዓት ፔዳል መምታት ነው። ከእረፍቱና ከምሳው ጋር ሰባት ሰዓት ያዙለት። የመንገዱ ውብ ክፍል ያለውም በዚሁ በምዕራቡ በኩል ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ከሽርሊንግተን ተነስቶ 45ቱን ማይል ባንድ አቅጣጫ መጨረስ ነው። ለኮሎምቢያ ፓይክና ለአሌክሳንድሪያ ነዋሪ መነሻው ቅርብ ነው። ግን ፐርሰልቪል ላይ ብስክሌት የሚጭን መኪና ያለው ሰው መጠበቅ አለበት። ሲልቨር ላይን የተባለው የሜትሮ ባቡር መስመር የሚያልቀው አሽበርን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባቡር የለም።

ዝግጁ መሆናችሁን በዚህ እወቁ፦ ባለፉት ሦስት ሳምንታት ውስጥ ባንድ ቀን 30 ማይል ነድታችሁ በማግስቱ ደህና ከነበራችሁ ሂዱ። ካልሆነ በየሳምንቱ መጨረሻ 15፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30 እያላችሁ ከፍ በሉና ኑ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን ምረጡ

ጥሩው ወቅት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ከዚያም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። በአካባቢው ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከወበቅ ጋር ነው። በእነዚያ ወራት መሄድ ግድ ከሆነ ፀሐይ ስትወጣ ተነሱ።

ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ተመልከቱ። ሰኔ ላይ እስከ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ብርሃን አለ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል። በኅዳር ሰዓት ከተቀየረ በኋላ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ ነው።

ንፋሱንም ተመልከቱ። ከምዕራብ የሚነፍስ ከሆነ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ስትመለሱ ያግዛችኋል። ከምሥራቅ ሲሆን ተጠንቀቁ። ሲሄዱ ይቀላል፤ የሚያሠቃየው ሲመለሱ፣ ደክሟችሁ ሳለ ነው።

ስለ ጾም፦ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ በእነዚያ ቀናት አትሂዱ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሁድ ጠዋት መብላት ስለሚቻል ጉዞውን ያኔ አድርጉት፤ የጾም ምግብ ለዚህ መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ረመዳን የምትጾሙ ደግሞ ከዒድ በኋላ ቀጠሮ ያዙ። ውሃ ሳይጠጡ አምስት ሰዓት ፔዳል መምታት አደጋ ነው።

ደረጃ 3፦ ብስክሌቱን ከሦስት ቀን በፊት ፈትሹ

በዋዜማው ማታ አትፈትሹ። ችግር ብታገኙ የሚጠግን ሱቅ አይኖርም።

1. ጎማውን እያዞራችሁ ተመልከቱ። የተሰነጠቀ ወይም ክሩ የወጣ ከሆነ ለውጡ። የተሰካ ጠጠርና ስባሪ ጠርሙስ ንቀሉ።
2. የአየሩን መጠን ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ። በእጅ ተጭኖ መገመት አያስተማምንም፤ መለኪያ ያለው መንፊያ ተጠቀሙ።
3. ፍሬን ያዙና ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉ። ጎማው ከዞረ ወይም መያዣው መሪውን እስኪነካ ከገባ አሠሩት።
4. ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጉ፣ ዘይት አጠጡ፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ።
5. የኮርቻውን ከፍታ አስተካክሉ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ይነዳል፤ ከዚያ 20 ማይል ላይ ጉልበቱን ያመዋል።

በዚህ ሳምንት አዲስ ኮርቻ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ሱሪ አትሞክሩ።

ኮርቻው ሥር በምትታሰር ትንሽ ቦርሳ እነዚህን ያዙ፦ ሁለት ካላማዳሪያ፣ የጎማ ማውለቂያ ፕላስቲክ፣ የእጅ መንፊያ፣ የብሩጎላ ቁልፎች፣ ጓንት። ካላማዳሪያው ከጎማችሁ መጠንና ከቫልቩ ዓይነት ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ቀጭኑ ቫልቭና የመኪና የሚመስለው ወፍራሙ አይተካኩም። ስንት ሰው መለዋወጫ ይዞ፣ የማይገጥም ሆኖበት መንገድ ላይ ቆሟል!

እና እባካችሁ፣ ቤት ውስጥ አንዴ የኋላውን ጎማ አውልቃችሁ ካላማዳሪያ ቀይሩ። መንገድ ላይ፣ በፀሐይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መማር ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ስንቅ አዘጋጁ

ለአንድ ሰዓት መንዳት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት (ከምግቡ ውስጥ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ ይሰጣል። አንድ ትልቅ ቴምር ከ16 እስከ 18። ሙዝና ሁለት ቴምር የአንድ ሰዓት ቀለብ ነው ማለት ነው።

የእኛ ቤት ስንቅ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። 50 ግራም በሶ በአንድ ማንኪያ ማርና በትንሽ ጨው ለውሳችሁ ጭብጦ አድርጉት። ሳይቀልጥ፣ ሳይበላሽ ቀኑን ይውላል፣ ሆድም አይከብድም። አምስት ጭብጦ በየግሉ በፕላስቲክ ጠቅልሉ። ቅቤ አታብዙበት፤ ቅቤ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ጥሩ ናቸው፣ ግን ስትቆሙ ብቻ ብሉ። እየነዱና እያለከለኩ ደረቅ ነገር መቆርጠም ያንቃል።

ውሃ፦ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች ሞልታችሁ ተነሱ። በሰዓት ከግማሽ ሊትር አያንስ፤ በሙቀት ጊዜ ይጨምር። አንደኛው ላይ ቁንጥር ጨውና ሎሚ ጨምሩ። በመንገዱ አንዳንድ ቦታ የመጠጥ ውሃ አለ፣ በቅዝቃዜ ወራት ግን ሊዘጋ ስለሚችል እሱን ብቻ አትመኑ። ኸርንደን፣ አሽበርንና ሊስበርግ ላይ ሱቆች ለመንገዱ ቅርብ ናቸው።

ዋዜማውን እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ይበቃል። ክትፎውንና ቢራውን ለመልሱ ቀን አቆዩት። ጠዋት ከመነሳታችሁ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብሉ፦ አጥሚት፣ ገንፎ በትንሽ ቅቤ፣ ወይም ዳቦ በማር። በርበሬው የበዛ ፍርፍር በልቶ የተነሳ ሰው ስተርሊንግ ሳይደርስ ሆዱን ያቃጥለዋል።

ደረጃ 5፦ ልብስና ቀሪው ዕቃ

ሄልሜት ግድ ነው። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ግዙ፤ ከሥሩ የውስጥ ሱሪ አይለበስም። ስፌቱ ነው ቆዳ የሚልጠው። የፊትና የኋላ መብራት፣ ስስ የዝናብ ጃኬት፣ መነጽር፣ ሙሉ ቻርጅ የሆነ ስልክ፣ መታወቂያ፣ ካርድና ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ አትያዙ፤ ትከሻና ወገብ ይገድላል።

ለአንድ ሰው ዕቅዳችሁን ንገሩ። ከእኛ ሰው መኪና በመንዳት የሚተዳደር ዘመድ ወይም ወዳጅ የሌለው ጥቂት ነው። «ቅዳሜ ከሊስበርግ ብደውልልህ ልትመጣ ትችላለህ?» ብላችሁ በዋዜማው ጠይቁ። ተበላሽቶ ከቆሙ በኋላ መለመን ለሁለቱም ወገን ከባድ ነው።

ደረጃ 6፦ ጉዞው፣ ክፍል በክፍል

*ወደ መነሻው*

ሜትሮ ብስክሌት ያሳፍራል። በኤስካሌተር ግን መውጣት ክልክል ነው፤ ሊፍቱን ተጠቀሙ። ወደ ባቡሩም በመሀለኛው በር አትግቡ። ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛ መስመሩ መሥራቱን በዋዜማው አረጋግጡ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፔዳል ላይ ሁኑ።

*ከሬስተን እስከ ኸርንደን (ከሽርሊንግተን ሲቆጠር ማይል 20 አካባቢ)*

እዚህ ቀስ በሉ። እግሩ ትኩስ ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሌላው እያለፋችሁ ይሄዳል። ተዉት። መለኪያው ወሬ ነው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። ትንፋሽ ካጠረ ማርሽ አቅልሉ።

ቀኝ ይዛችሁ ንዱ። ስታልፉ በግራ ነው፤ ቀድማችሁ ደወል ምቱ ወይም «ኦን ዩር ሌፍት» በሉ። ሕፃንና ውሻ ካለ ፍጥነት ቀንሱ። በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ብስክሌት መንዳት በቨርጂኒያ ሕግ ክልክል ነው።

*ከኸርንደን እስከ አሽበርን (ማይል 28 አካባቢ)*

ከተነሳችሁ 45 ደቂቃ ሲሞላ የመጀመሪያውን ጭብጦ ብሉ። ባይርባችሁም ብሉ። ስልካችሁ በየ30 ደቂቃው እንዲጮህ አድርጉና በጮኸ ቁጥር አንድ ነገር ጉረሱ፣ ሁለት ሦስቴ ተጎንጩ። ርሃቡ ሲሰማችሁ ጊዜው አልፏል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ።

በዚህ ክፍል ጥላው ያንሳል። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹ አብረዋችሁ ይሄዳሉ። መንገድ የምታቋርጡበት ቦታም ይበዛል። የማቆሚያ ምልክት ባለበት ሁሉ እግር አውርዳችሁ ቁሙ። አንዱ መኪና ቆሞ «እለፉ» ቢላችሁ በሌላው ረድፍ የሚመጣው ላያያችሁ ይችላል። ሁለቱም ረድፍ መቆሙን ዓይታችሁ ተሻገሩ።

*ከአሽበርን እስከ ሊስበርግ (ማይል 34 አካባቢ)*

መንገዱ ይከፈታል። የጉስ ክሪክን ድልድይ ስትሻገሩ ቁሙና ወንዙን ተመልከቱ፤ ለዚህም ነው የመጣነው።

ሊስበርግ የውሳኔ ቦታ ነው። ውረዱ፣ ውሃ ሙሉ፣ ሽንት ቤት ግቡ፣ ከዚያ እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ፦

- ሰዓቱ ከ5 ሰዓት በፊት ነው?
- ከግማሽ በላይ ስንቅ ቀርቷል?
- ጉልበት፣ ወገብ፣ አንገት ላይ እየባሰ የሚሄድ ሕመም የለም?

ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ቀጥሉ። አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ተመለሱ። እዚህ የተመለሰ ሰው 34 ማይል ገደማ ነድቶ ቤቱ ይገባል፤ ያ ራሱ ጥሩ ቀን ነው። ጓደኛ ስለገፋፋችሁ አትቀጥሉ።

*ከሊስበርግ እስከ ክላርክስ ጋፕ*

የቀኑ ረጅም አቀበት ይህ ነው። ቀጥ ያለ አይደለም፤ ለዓይን ደልዳላ ይመስላል፣ እግር ግን ያውቃል። ብዙ ሰው «ዛሬ ምን ነካኝ?» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። ምንም አልነካችሁም፣ እየወጣችሁ ነው።

ማርሹን አቀበቱ ሳይከብዳችሁ በፊት አቅልሉ። ከከበደ በኋላ በኃይል እየረገጡ መቀየር ሰንሰለት ያወልቃል። እግራችሁ ቶሎ ቶሎ ይዙር፤ በከባድ ማርሽ አትግፉ። ትከሻችሁን አውርዱ። የድንጋዩን ቅስት ድልድይ ስታዩ ከባዱ አልቋል።

*እስከ ፐርሰልቪል*

ከዚህ በኋላ ዛፍ፣ እርሻና ጥላ ነው። አስፋልቱን የዛፍ ሥር ያነሳበት ቦታ ስላለ ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉ። መንገዱ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ ያልቃል። ምሳ ብሉ፣ ግን ጠግባችሁ አትነሱ። ከ40 ደቂቃ በላይ አትቀመጡ፤ እግር ይደርቃል። ጠርሙሶቹን ሁለቱንም ሙሉ።

*መልስ*

ከክላርክስ ጋፕ ወደ ሊስበርግ ቁልቁል ነው። ደስ ይላል፣ አደጋውም እዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚራመደው ሰው ይበዛል፣ እናንተም ደክማችኋል። ሁለቱም እጅ ፍሬን ላይ ይሁን። ማቋረጫ ከመድረሳችሁ ቀድማችሁ አቀዝቅዙ።

መብላታችሁን አታቁሙ። «አሁንማ ደረስን» ብሎ ስንቁን ቦርሳ ውስጥ የተወ ሰው ስተርሊንግ ላይ ይወድቃል።

ደረጃ 7፦ ነገር ሲበላሽ

*ጎማ ሲተነፍስ*

1. ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ውጡ።
2. የኋላው ከሆነ ማርሹን ወደ ትንሹ ጥርስ አውርዱና ጎማውን አውልቁ። ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ ጎማው በወለቀበት መያዣውን አትጭመቁ።
3. የቀረውን አየር አስወጡ። የጎማውን አንድ ጎን በፕላስቲኩ አውልቃችሁ ካላማዳሪያውን ሳቡ።
4. የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። የወጋውን ነገር ሳታገኙ አዲሱን አታስገቡ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እሱንም ይበሳዋል።
5. አዲሱን ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ንፉና አስገቡ።
6. ጎማውን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ በእጅ መልሱ፤ ቫልቩ ጋ ጨርሱ። በፕላስቲኩ አትመልሱ፣ ካላማዳሪያውን ይቆርጠዋል።
7. በሁለቱም ጎን ካላማዳሪያው በጎማውና በቸርኬው መካከል አለመያዙን ተመልከቱ። ግማሽ ንፉ፣ እንደገና ተመልከቱ፣ ከዚያ ሙሉ።
8. ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን ሞክሩ።

*ሰንሰለት ሲወልቅ*

ፔዳል መምታት ወዲያው አቁሙ። ወደ ቀላሉ ማርሽ ለውጡ፣ የኋላውን ማርሽ መወጠሪያ ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ሰንሰለቱን ከታች በኩል ጥርሱ ላይ አስቀምጡ፣ ፔዳሉን በእጅ አዙሩ።

*ጉልበት ድንገት ሲከዳ*

ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰው ይነጫነጫል፣ እግር ባዶ ይሆናል። ይህ ርሃብ ነው። ቁሙ፣ ተቀመጡ፣ ቴምር ወይም ማር ብሉ፣ ለስላሳ ጠጡ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳይሞላ አትነሱ።

*ጉልበት ሲያም*

ከፊት በኩል ካመማችሁ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ከሆነ ከፍ ብሏል። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ አስተካክሉና ሞክሩ።

*ሙቀት ሲጥል*

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መፍዘዝ ከመጣ ጥላ ፈልጉ፣ አንገትና ራስ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። የጓደኛችሁ ንግግር ከተምታታ አትጠብቁ፣ 911 ደውሉ። የት እንዳላችሁ ለመግለጽ «ደብሊው ኤንድ ኦዲ፣ ማይል ይህን ያህል» በሉ። በየመንገዱ ያለፋችሁትን ቁጥር የማየት ልማድ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው።

*ነጎድጓድ ሲመጣ*

በሙቀቱ ወራት ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ሱቅ ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

*መቀጠል ሲያቅት*

ከሊስበርግ ወዲያ ከሆናችሁ ለነገራችሁት ሰው ደውሉ። አሽበርንና ኸርንደን ላይ ሜትሮ አለ፤ የአሽበርኑ ጣቢያ ግን ከመንገዱ ጥቂት ማይል ይርቃል፣ የኸርንደኑ ይቀርባል።

ደረጃ 8፦ ቤት ስትገቡ

መንገድ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባችሁ ሰውነታችሁን በደንብ ፈትሹ። በዚህ አገር መዥገር ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት፣ ብብትና ፀጉር ውስጥ ተመልከቱ። ካገኛችሁ በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ቅባት አትቀቡት፣ እሳትም አታስጠጉት። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ፖይዘን አይቪ ከነካችሁ ቆዳውን በሳሙና ታጠቡ፣ ልብሱንም ለብቻው እጠቡ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የሞላ ምግብ ብሉ፤ አሁን ክትፎውም ይፈቀዳል። ሰንሰለቱን ጥረጉ፣ የተበሳውን ካላማዳሪያ ለጥፉ ወይም ተኩ፣ ቦርሳውን ሞልታችሁ ብስክሌቱ ላይ እሰሩት።